የታችኛው ገንዳ

የባሕር ዓሣ የያዘ የመስታወት ገንዳ ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዓሦቹና በኮራሉ ላይ ነው። ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ሌላ ገንዳ መኖሩን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የላዩ ውሃ በቧንቧ ወደዚያ ይወርዳል፤ እዚያ ይጸዳል፤ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች «ሰምፕ» ይሉታል። ብዙዎች ከፋብሪካ አይገዙትም፤ መስታወት፣ ሲሊኮን፣ የፒቪሲ ቧንቧና አንድ ፓምፕ ገዝተው እቤታቸው ይሠሩታል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የታሪኩም አንዱ ጫፍ በወገራ በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1825–1840፦ ከምጽዋ ወደ ስሜን

የቀይ ባሕርን ኮራልና ዓሣ አበክረው ካጠኑት ቀደምት ተመራማሪዎች መካከል ሁለቱ ጀርመናውያን ሄምፕሪችና ኤረንበርግ ነበሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሄምፕሪች በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ። ከእነሱ በኋላ የመጣው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያም ደጋውን ተያያዘው። በ1832 ስሜን ተራሮች ላይ ቆይቶ ጎንደር ገባ።

ሩፔልን የስሜን ሰው ሊያውቀው ይገባል። ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ገልጾ ሳይንሳዊ ስም የሰጣቸው እሱ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች የሚሳሱለትን፣ ገላው ብርቱካናማ ሆኖ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀውን የቀይ ባሕር ዓሣ አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ ብሎ ከዚህ ጉዞ በፊት በ1830 የሰየመውም እሱ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሰማያዊ ገላና ቢጫ ጀርባ ያላትን ትንሿን ፍላቪቨርቴክስን ለሳይንስ አስተዋወቀ። አንድ ሰው በአንድ የሕይወት ዘመን የተራራውንም የባሕሩንም እንስሳ መዝግቦ አለፈ።

ዓሦቹ ግን አውሮፓ የገቡት ሞተው፣ በአልኮል ተነክረው ነበር። በዚያ ዘመን የባሕር ዓሣን ከባሕር አርቆ በሕይወት የሚያቆይ ሰው አልነበረም። ከባሕር ወደ ደጋ በደኅና የሚደርሰው ነገር ጨው ነው። ከደናክል ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ የቀይ ባሕር ልጅ ነው፤ ባሕሩ ጥንት ወደዚያ ረባዳ ዘልቆ ገብቶ ሲደርቅ የተወው። ከምጽዋ የሚነሳው የሲራራ ነጋዴ በአድዋ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በወገራ በኩል ጎንደር ይገባ ነበር።

1846–1854፦ በመስኮት ፊት የሚንቆረቆር ውሃ

መፍትሔው የተጀመረው ለንደን ውስጥ፣ በአንዲት እመቤት ቤት ነው። አና ታይን የአንድ ከፍተኛ ካህን ባለቤት ነበሩ። በ1846 ቶርኪ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ጥቂት ሕያው ኮራሎችን ይዘው ወደ ለንደን ተመለሱ። ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ ውሃውን በየቀኑ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ የቤት ሠራተኛቸው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ታንቆረቁር ጀመር። ውሃው ሲወርድ አየር ይስባል፤ ኮራሎቹም ይተነፍሳሉ። በኋላ ታይን የባሕር አረም ጨመሩበት። ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ገደማ ኖሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የማከብረው የመጀመሪያው ፓምፕ የዚያች ሠራተኛ ክንድ ነው።

በዚያው ከተማ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ሰው በ1849 ሌላ ሙከራ ጀመረ። ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና አንድ የውሃ ተክል በአንድ መስታወት ዕቃ ውስጥ አኖረ። ተክሉ አየር ለዓሦቹ ይሰጣል፤ ግን ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን ሲጨምር ውሃው ጠራ። በ1850 ያሳተመው ጽሑፍ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ውሃው ጤና የሚያገኘው ዓሣው፣ ተክሉና ቆሻሻ በሉ ተደጋግፈው ሲኖሩ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን በዓይን የማይታየውን አራተኛውን ወገን ገና ማንም አላወቀውም።

ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1854 «ዘ አኳሪየም» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያወጣ እንግሊዝ በሙሉ በዓሣ ገንዳ ፍቅር አበደ። በዚያው ዓመት ባሕር ላልቀረባቸው ሰዎች የሰው ሠራሽ ባሕር ውሃ አዘገጃጀት አቀረበ፤ የገበታ ጨው፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ በልክ ተመዝነው በንጹሕ ውሃ ይሟሟሉ።

ለደጋ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። አሞሌ ጨው ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ባሕር አይሆንም። ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ አብረው አይረጉም፤ መጀመሪያ ካልሲየም ያለበት ጂፕሰም ይለያል፣ ቀጥሎ የምንበላው ጨው ይረጋል፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም በመጨረሻው መራራ ውሃ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ አሞሌው ከባሕሩ አንዱን ክፍል ብቻ ይዞ ነው የመጣው። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው የባሕር ገንዳ ጨው ሁሉንም መልሶ የሚያሟላ ቅልቅል ነው፤ ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ገደማ ይገባል።

1864–1874፦ የጨለማው ማጠራቀሚያ

የገንዳው ፍቅር ብዙ አልቆየም። ገንዳዎቹ በፀሐይ ብርሃን አረንጓዴ ሆኑ፣ ሸተቱ፣ ዓሦቹ አለቁ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ተወው። አንድ ያልተወው ሰው ነበር፤ ዊሊያም አልፎርድ ሎይድ። ሎይድ በወጣትነቱ መጽሐፍ ጠራዥ የነበረ፣ ትምህርቱን በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው ነው። ለንደን ላይ የዓሣ ገንዳ ሱቅ ከፈተ፤ ከዚያ በ1864 የሃምቡርግን፣ በ1871 የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ ትልልቅ አኳሪየሞች አደራጀ።

የሎይድ ብልሃት እንዲህ ነበር። ለተመልካች ከሚታየው ውሃ ብዙ እጥፍ የሚሆን ሌላ ውሃ ከወለሉ በታች በጨለማ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያኖራል። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ሌት ተቀን ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ውሃው ከገንዳ ወደ ገንዳ እየፈሰሰ ራሱ ይወርዳል። ጨለማ ስለሆነ አልጌ አይበቅልም። መሬት ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ አይዋዥቅም። ብዙ ስለሆነ የአንድ ዓሣ ሞት ውሃውን አይመርዘውም። አንቶን ዶርን በ1874 ኔፕልስ ላይ ለከፈተው ታዋቂ የምርምር ጣቢያ አኳሪየምም ያማከረው ሎይድ ነው። ዛሬ በቁም ሣጥን ውስጥ የሚደበቀው ሰምፕ የዚያ ማጠራቀሚያ ቀጥተኛ ዘር ነው፤ የሎይድ ስም ግን ከጥቂቶች በቀር አይነሳም። ይህ ይቆጨኛል።

1877–1892፦ አራተኛው ወገን ተገኘ

ሎይድ ውሃው ለምን እንደሚጸዳ ሲጠየቅ «አየር ያቃጥለዋል» የሚል መልስ ነበረው፤ የዘመኑም ኬሚስትሪ ከዚህ አያልፍም። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አንድ ረጅም ቱቦ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ሞሉ፤ ከላይ የፍሳሽ ቆሻሻ ቀስ እያሉ አፈሰሱበት። ለሃያ ቀን ያህል የገባው አሞኒያ እንደገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሞኒያው ጠፍቶ ናይትሬት ይወጣ ጀመር። አሸዋው ያው ነው፣ አየሩም ያው ነው። ኬሚስትሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ይሠራ ነበር። የክሎሮፎርም እንፋሎት ቢያሳልፉበት ሥራው ቆመ። ጥቂት አፈር በውሃ በጥብጠው ቢጨምሩበት ሥራው ቀጠለ። በአሸዋው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ነበር።

አዲስ ገንዳ የሚያቆም ሰው ዛሬም ያንን ሳምንታት የሚወስድ ጥበቃ ይጠብቃል። የዓሣ ሽንትና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ የተሕዋስያን ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ በመጠኑ የሚቻል ነው። የቸኮለ ሰው ዓሣውን ቀድሞ ያስገባና ብዙም ሳይቆይ ሞቶ ያገኘዋል። ብልህ ሰው ግን ከቆየ ገንዳ አንድ እፍኝ አሸዋ ያመጣና እንደ እርሾ ይጨምርበታል።

ሂደቱ ሁለት ደረጃ እንዳለው፣ የሁለቱም ሠራተኞች የተለያዩ መሆናቸውን በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ካሳዩት አንዱ ሮበርት ዋሪንግተን ነው፤ ዓሣና ቀንድ አውጣን ያስማማው የዚያ ኬሚስት ልጅ፣ የአባቱ ሞክሼ። አባት ያላየውን ልጅ አሳየ። በ1890 ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ተሕዋስያኑን ለይቶ አሳደጋቸው።

የእነዚህ ፍጡራን ወንድሞች የሰው ነፍስ ሲያድኑ የታየው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። በ1892 ሃምቡርግን ኮሌራ መታት፤ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተ። ከተማዋ የኤልበ ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ታጠጣ ነበር። ጎረቤቷ አልቶና ከሃምቡርግ በታች ካለው፣ ይበልጥ ከቆሸሸው ወንዝ እየቀዳች ውሃውን በአሸዋ ቀስ ብላ ስለምታጣራ በአብዛኛው ተረፈች። በአሸዋው ላይ የሚጋገረው ስስ ሕያው ሽፋን ተውሳኩን ይበላው ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ሎይድ ለዓሦች ሌት ተቀን የሚዘዋወር ውሃ ያዘጋጀባት ከተማ ለሕዝቧ ያልተጣራ ወንዝ ማጠጣቷ ልብ ያደማል።

1900–1960፦ ያልታየው እውቀት

ቀጣዩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቶሎ ይታለፋል። እውቀቱ በቤተ ሙከራና በከተማ ውሃ ሥራ ውስጥ ቀረ፤ ቤት ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው አልደረሰውም። ገንዳዎቹ የብረት ፍሬምና የመስታወት ማጣበቂያ ፑቲ ነበራቸው፤ የባሕር ጨው ብረቱን ይበላዋል፣ የሚለቀውም ነገር ዓሣውን ይገድላል። ስለዚህ ብዙ ሰው የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ይዞ ተቀመጠ። በመጠጥ ውሃ በኩል ግን፣ በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ንጹሕ ውሃ አንዱ የሥራቸው መሠረት ሆነ።

1961–1985፦ ጃካርታ፣ በርሊንና ሲሊኮን

በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በአንድ የዓሣ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ብዙዎችን አስገረመ። ማጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከባሕር ያወጣውን፣ ላዩም ውስጡም በፍጡራን የተሞላ ድንጋይ ገንዳው ውስጥ ከምሮ ትንሽ አየር ይነፋበታል፤ ኮራሎቹ ይኖራሉ። ዛሬ «ሕያው ድንጋይ» የምንለው ይህ ነው። በርሊን ላይ ደግሞ ዲትሪች ሽቱበርና ባልደረቦቹ ሕያው ድንጋዩን፣ ብርቱ መብራትንና አረፋ ሰብሳቢ መሣሪያን አንድ ላይ አደረጉ። መሣሪያው ጥቃቅን የአየር አረፋ በቱቦ ውስጥ ያሳልፋል፤ የዓሣው ቆሻሻ ገና አሞኒያ ሳይሆን በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ወጥቶ ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። ቡናማና የሚከረፋ ነው፤ ያንን ኩባያ ያጠበ ሰው ገንዳው ውስጥ ምን ይጠራቀም እንደነበር ይገባዋል።

በዚያው ዘመን የመጣው ሲሊኮን ግን ሁሉንም ለወጠ። መስታወትን ከመስታወት ያለ ብረት ያጣብቃል፤ ጨው አይበላውም፤ ሲደርቅ መርዝ አይለቅም። ከዚህ በኋላ መስታወት ማስቆረጥ የቻለ ሰው ሁሉ ገንዳ መሥራት ቻለ። በ1970 ደግሞ ስቲቨን ስፖት ያሳተመው መጽሐፍ የአሞኒያውን ጉዞ ለገንዳ ሠሪው አስረዳው። የሮታምስቴድ እውቀት ከሰማንያ ዓመት በኋላ ሳሎን ገባ።

1986–2000፦ ኳሶቹ ገብተው የወጡበት ዘመን

በ1986 ጆርጅ ስሚት «ፍሬሽዋተር ኤንድ ማሪን አኳሪየም» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። ሆላንድ ውስጥ የዳበረውን ዘዴ ነበር ያስተዋወቀው፦ ውሃው ከላይኛው ገንዳ ጠርዝ ሞልቶ ይወርዳል፣ በተበሳሳ ሳህን ላይ ይንጠባጠባል፣ ውሃ ውስጥ ሳይሰጥም በአየር ላይ በተቀመጠ የፕላስቲክ ኳስ ክምር ውስጥ ያልፋል፣ ከሥሩ ባለው ሳጥን ይጠራቀማል። ሰምፕ ወደ ብዙ ሰው ቤት የገባው በዚህ ነው። ኳሶቹ ውድ ስለነበሩ ሰዎች በርካሽ ፕላስቲክ ይተኳቸው ጀመር፤ ሳጥኑን እቤታቸው ሠሩ።

ዘዴው በጣም ስለሠራ ችግር አመጣ። በኳሶቹ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር እንደልብ ስለሚያገኙ አሞኒያውን ሁሉ ፈጥነው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬቱ ግን የሚሄድበት የለውም። ይጠራቀማል፤ ኮራል ይደክማል፤ አልጌ ይበዛል። የጎደለው አየር አልባ ቦታ ነበር። ሞናኮ ላይ ዣን ዦቤር በጥልቅ አሸዋ ውስጥ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ንጣፍ፣ ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተለውጦ እንደሚወጣ አሳየ። ሕያው ድንጋይም በእምብርቱ ይህንኑ ይሠራል። የዋሽንግተኑ ዋልተር አዴይ ደግሞ አልጌን ሆን ብሎ አሳድጎ ቆሻሻውን እያጨደ አወጣ።

በ1990ዎቹ ሰዎች ኳሶቻቸውን ጣሉ። ሳጥኑን ግን አልጣሉትም። ባዶ የሆነው የታችኛው ገንዳ ለአረፋ ሰብሳቢው፣ ለማሞቂያው፣ ለድንጋዩና ለአልጌው ቤት ሆነ። ዛሬ የምናውቀው ሰምፕ የዚያ ውድቀት ትርፍ ነው።

በዚያው አሥርት ዓመት ካናዳዊው ዴቪድ ማንዝ የአልቶናን አሸዋ በቤት ልክ አሳነሰው። የሲሚንቶ ሣጥን ውስጥ አሸዋና ጠጠር፤ ከአሸዋው በላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል፤ ሕያው ሽፋኑ ሳይደርቅና አየር ሳያጣ ይኖራል። ይህን ማጣሪያ በኢትዮጵያ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ለገጠር ቤተሰቦች አድርሳለች። ለዓሣ ገንዳና ለመጠጥ ውሃ የሚሠራው ሰው የተለያየ ቢሆንም ውሃውን የሚያጸዱት ፍጡራን ዘመዳሞች ናቸው።

2005–2015፦ ከሲያትል ገንዳ የወጣው ፍጡር

ለመቶ ዓመት ያህል መጻሕፍት ሁሉ የአሞኒያው ሥራ የባክቴሪያ ነው ይሉ ነበር። በ2005 ተመራማሪዎች ከሲያትል አኳሪየም የሞቃት ባሕር ገንዳ ጠጠር ላይ አንድ ተሕዋስ ለይተው አሳደጉ፤ ኒትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ አሉት። ባክቴሪያ አልነበረም፤ አርኬያ ከሚባለው ፍጹም ሌላ የሕይወት ወገን ነው። ዘመዶቹ በውቅያኖስ ውስጥ ከየትኛውም አሞኒያ ለዋጭ እንደሚበዙ ከዚያ በኋላ ታወቀ። በ2015 ደግሞ ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን ጉዞ ብቻውን የሚጨርስ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነው። ውቅያኖሱን ለማወቅ የረዳው የገንዳ ጠጠር መሆኑ የገንዳ ሠሪዎችን ሁሉ የሚያኮራ ነገር ነው።

ዛሬ፦ ደጋ ላይ ቢሠራ

ዛሬ የሚሠራው ሰምፕ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ከላይ የሚወርደው ውሃ በጨርቅ ከረጢት አልፎ አረፋ ሰብሳቢው ጋ ይደርሳል። በመካከለኛው ሕያው ድንጋይና የባሕር አረም አለ፤ የዚህ ክፍል መብራት የሚበራው የላዩ ሲጠፋ፣ ሌሊት ነው፤ አረሙ ኦክስጅን እየሰጠ ውሃው በሌሊት እንዳይኮመጥጥ ይጠብቃል። በሦስተኛው ፓምፑ አለ። ክፍሎቹን የሚለዩት መስታወቶች አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ክፍት ሆነው ይደረደራሉ፤ ውሃው ሽቅብና ቁልቁል ሲሄድ የአየር አረፋው ይለያል። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ የሌለበት መሆን አለበት፤ የሆምጣጤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ከቧንቧ ዕቃ መደብር የሚገዛው የነሐስ ቫልቭ አይገባም፤ ከመዳብ የሚለቀቀው ነገር ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል። ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አምባ ጊዮርጊስም ዳባትም በከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ለባሕር ዳር ሰው የተጻፈ መመሪያ እዚህ እንዳለ አይሠራም፦ ዓሣው ማነስ አለበት፣ ውሃው ከላይ ሲወርድ በሰፊ ጠርዝ ስስ ሆኖ መፍሰስ አለበት፣ የታችኛው ገንዳ ፊቱ ሰፊ መሆን አለበት። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያው ጠንካራ ይሁን፤ የሞቃት ባሕር ዓሣ የሚፈልገው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ዋናው ፈተና መብራት መጥፋቱ ነው። ፓምፑ ሲቆም በመመለሻው ቧንቧ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የላይኛው ገንዳ ውሃ ወርዶ ሰምፑ ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። መከላከያው ሁለት ነው፦ በመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ በመሰርሰሪያ አንዲት ቀዳዳ መብሳት፤ ውሃው እስከዚያ ሲወርድ አየር ገብቶ ስበቱ ይቋረጣል። ሁለተኛው፣ እስከዚያ ድረስ የሚወርደውን ውሃ ለክቶ ሰምፑ ውስጥ ያንን ያህል ባዶ ቦታ መተው ነው። ገንዳው ዓሣ ሳይገባበት ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ይገባል፤ ቀዳዳዋም ጨውና አልጌ እንዳይደፍናት በየጊዜው ትጠረግ። መብራቱ ለሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ዓሦቹ ባሉበት በላይኛው ገንዳ ይገባል፤ ክዳን ባለው ዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን አየር አጥተው ሲታፈኑ፣ ክፍት በሆነው ሰምፕ ውስጥ ያሉት ግን በሰፊው ፊቱ በኩል እየተነፈሱ ከነሱ የተሻለ ይቆያሉ።